የአካባቢያችሁን የፈረስ ዘር ለማትረፍ፦ ከቆጠራ እስከ ውርንጭላ

«የድሮው ፈረሳችን ዘሩ እየጠፋ ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ሞክረዋል። ሙከራው ግን የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። በአካባቢው አለ የተባለ አንድ ቆንጆ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) ይመረጣል። ባዝራ (ሴት ፈረስ) ያለው ሁሉ ወደ እሱ ይነዳል። የመጀመሪያዎቹ ውርንጭሎች ያምራሉ፤ ሰው ደስ ይለዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ሲያልፍ ባዝራዎቹ ጽንስ አልይዝ ይላሉ፤ የሚወለደውም እየደከመ ይመጣል። ሌላ ድንጉላ ሲፈለግ የተገኘው ሁሉ የዚያው ድንጉላ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይሆናል።

ይህ መመሪያ ያ ስህተት እንዳይደገም ነው። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ያላችሁ አንዲት ባዝራ ብቻ ከሆነች መጀመሪያ ጎረቤት ፈልጉ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የምታዘጋጁት

- ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር፣ ሁለት ቅጂ። አንዱ ጸሐፊው ጋ፣ ሌላው ሌላ ቤት ይቀመጥ። በአንድ ቤት ቃጠሎ የ10 ዓመት መዝገብ መጥፋት የለበትም።
- ካሜራ ያለው ስልክ።
- የሜትር ገመድና ቀጥ ያለ ዱላ።
- የወረቀት ፖስታዎች። ለምን እንደሆነ በ1ኛው ደረጃ ታገኙታላችሁ።
- የወረዳችሁ የእንስሳት ሐኪም ስልክ። በልባችሁ ሳይሆን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።

1ኛ ደረጃ፦ ቤት ለቤት ቁጠሩ

በበዓል ቀን አትቁጠሩ። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ሜዳው በፈረስ ይሞላል፤ ያየ ሰው «ዘር የት ጠፋ?» ማለቱ አይቀርም። ለበዓል የሚወጣው ግን ለግልቢያ የደረሰው፣ ያማረው ነው። እናንተ የምትፈልጓት ያረገዘች ባዝራ ቤት ቀርታለች። በዓሉ የሚጠቅመው ባለፈረሶቹን ለማግኘትና ለመቀጣጠር ነው። ቆጠራው በየግቢው ይሁን።

ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ገጽ ስጡ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሙሉት።

1. ቁጥር ስጡት። ስም ብቻ አይበቃም፤ በአንድ ቀበሌ ሦስት «ዳማ» ይኖራል።
2. ሦስት ፎቶ አንሱ፦ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት። ጭቃው ይታጠብ፣ ኮርቻው ይውረድ።
3. መልኩንና ምልክቱን በቃል ጻፉ። ቦራ (ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት) ነው? የትኛው እግሩ ነጭ ነው? ግንባሩና አንገቱ ላይ ያለው የጸጉር አዙሪት የት ላይ ነው? ጸጉር ከወቅት ወቅት ቀለሙን ሊቀይር ይችላል፤ አዙሪቱ ግን ቦታውን አይለቅም።
4. ቁመቱን ለኩ። ፈረሱ ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። ዱላውን አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ከፍታ ላይ፣ ጋማው በሚያልቅበት ቦታ፣ አግድም አሳርፉ። ከዚያ እስከ መሬት ይለካ።
5. ጥርሱን እዩ። ከፊት ያሉት መካከለኛ ሁለት የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ግድም ይለወጣሉ። ቀጥለው ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳር ዳሮቹ በ4 ተኩል። ከዚያ በላይ ዕድሜውን ከባለቤቱ ጠይቁ።
6. እናቱንና አባቱን ጠይቁ። ካልታወቀ «አይታወቅም» ብላችሁ ጻፉ። በግምት የተጻፈ አባት ከባዶ ቦታ ይብሳል።
7. ከጋማው ወይም ከጭራው 20 ወይም 30 ጸጉር ከነሥሩ ንቀሉ። በወረቀት ፖስታ አድርጉ፤ ቁጥሩን ጻፉበትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ነገ የዘር ምርመራ ዕድል ቢገኝ ሥሩ ያስፈልጋል። በላስቲክ ከያዛችሁት ይረጥብና ይሻግታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የውርንጭላ ልደት ሲጠየቅ አባወራው ብዙ ጊዜ «አምና ነው፣ ካቻምና ነው» ይላል። የቤቱን እመቤት ጠይቁ። ጉዝጓዝ የቀየረችው፣ ዱቄት በጥብጣ ያጠጣችው እሷ ናት። «የኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ ዝናብ ሲያባራ» ብላ ቀኑን ቁጭ ታደርግላችኋለች።

2ኛ ደረጃ፦ የትኛው ከዘሩ ነው?

ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ዓይነቶችን ለይተዋል፦ የሐበሻ፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የቦረና፣ የኦጋዴን (ዊልዋል) እና የቁንዱዶ። የመጨረሻው በምሥራቅ ሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ጌታ የሚኖር፣ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ፈረስ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ አደራ፣ ውርንጭላ ለመያዝ አይሞክር። ጥቂት በቀረበት መንጋ አንድ መቀነስ ራሱ ጉዳት ነው።

እናንተ ጋ ያለውን ስትለዩ ውበትን ወደ ኋላ አድርጉት። መጀመሪያ እነዚህን ተመልከቱ።

- ሰኮናው ጠንካራ ነው? ድንጋይ ላይ ያለ ብረት ይሄዳል?
- ባዝራዋ ወልዳ አሳድጋለች? በበጋ በጭድ ብቻ ስትቆይ ሥጋዋን ትይዛለች?
- ጸባዩ እንዴት ነው? ልጅ ይስበዋል?

ቁመት አታሳድዱ። ከ1.48 ሜትር የማይበልጥ ፈረስ በዓለም አቀፍ ውድድር ደንብ ፖኒ ይባላል፤ የእኛ አገር ፈረሶች በአብዛኛው እዚያ ውስጥ ናቸው። ቁመት ለመጨመር ብሎ ከትልቅ የውጭ ፈረስ ማዳቀል የሚያምራቸው አሉ። ልጁ ሊረዝም ይችላል፤ ቀለቡም አብሮ ይጨምራል። ደጋ ላይ በገለባ የሚያድረው፣ ገደል የሚወጣው ዘር ያኔ ያበቃል። የተዳቀለ ካለ አይናቅ፣ ይሠራበት፤ በዘር መዝገቡ ግን ለብቻው ገጽ ይያዝለት።

3ኛ ደረጃ፦ የድንጉላውን ሒሳብ ሥሩ

ብዙው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

የድንጉላውን ቁጥር በባዝራው ቁጥር አባዙ። ያንን በ4 አባዙ። የወጣውን ለድንጉላና ለባዝራ ድምር አካፍሉ። መልሱ መንጋችሁ ለዘር ሲታይ በእውነት ስንት ፈረስ እንደሚያህል ይነግራችኋል።

20 ባዝራና 1 ድንጉላ አላችሁ እንበል። 20 በ1፣ ሲባዛ በ4፣ 80። ለ21 ሲካፈል 3.8። ዓይናችሁ ያየው 21 ፈረስ ነው፤ ለዘር ግን አራት እንኳ አልሞላም። በዚህ ከቀጠላችሁ የሥጋ ዝምድናው በየትውልዱ 13 በመቶ ግድም ይጨምራል። ያ ማለት የአንድ አባት ልጆችን እርስ በርስ እንደማጋባት ነው።

አሁን እዚያው 20 ባዝራ ላይ ድንጉላውን 4 አድርጉት። 320 ለ24፣ 13.3። አንዲት ባዝራ ሳትገዙ መንጋችሁ ከሦስት እጥፍ በላይ ሰፋ። ለዚህ ነው ገንዘብ ካላችሁ ሌላ ባዝራ ከመግዛት ሁለተኛ ድንጉላ ማቆየት የሚሻለው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በእንስሳት ዘር ጥበቃ መመሪያዎቹ ዝቅተኛ አድርጎ የሚያስቀምጠው ቁጥር 50 ነው። እዚያ ለመድረስ 15 ድንጉላና 75 ባዝራ ይበቃል፤ ሒሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ቀበሌ ብቻውን ይህን አይችልም። አምስት አጎራባች ቀበሌዎች ግን እያንዳንዳቸው 3 ድንጉላና 15 ባዝራ ቢይዙ ሞላ። እያንዳንዱ ድንጉላ የሚደርሰው 5 ባዝራ ብቻ ስለሆነ አይደክምም።

4ኛ ደረጃ፦ ውል ጻፉ

ሽማግሌ ባለበት፣ በጽሑፍ ይሁን። አራት ነገር አይቅር።

*ሽያጭ።* ጥሩ ድንጉላ ከእጅ የሚወጣው ለጋሪ ወደ ከተማ ሲሸጥ ነው። ባለቤቱ መሸጥ መብቱ ነው። ግን ከሁለት ገበያ በፊት በመዝገቡ ላሉት ባለፈረሶች ይናገር፤ በዚያው ዋጋ መግዛት ከቻሉ ቅድሚያ የእነሱ ይሁን።

*ማኮላሸት።* ማንም ሰው መዝገብ ላይ ያለ ወንድ ውርንጭላ ሳያማክር አያኮላሽ። መርሁ ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ድንጉላ ቢያንስ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከእያንዳንዷ ባዝራ ቢያንስ አንዲት ሴት ልጅ ለዘር ትቅር። ከአንዱ ምርጥ አምስት ወንድ አስቀርቶ ከሌላው ምንም አለማስቀረት ተመልሶ ወደ አንድ ድንጉላ ይወስዳችኋል።

*የድንጉላ ቀለብ።* ድንጉላ ያስቸግራል፣ ይበላል፣ አጥር ያፈርሳል። ባለቤቱ ብቻውን ዕዳውን ከተሸከመ በሁለተኛው ዓመት ያኮላሸዋል። ለእያንዳንዷ ባዝራ የሚሰጥ ገብስ ይወሰን፤ በቁና ይሁን በኪሎ ተስማሙ።

*በቅሎ።* ይህ ከባዱ ነው። በቅሎ ከፈረስ ውድ ናት፤ ለገበሬ ጥሩ ገንዘብ ናት። በቅሎ ግን አትወልድም። ባዝራዋ ከወንድ አህያ ባረገዘች ቁጥር ለፈረስ ዘር የነበራት አንድ ዕድል ይሄዳል። ባዝራ በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድ ከ4 እስከ 16 ዓመቷ ስድስት ሰባት ጊዜ ነው። ግማሹ ወንድ ነው፤ ከሴቶቹም የሚሞት አለ። እና ራሷን የምትተካ ልጅ ለማግኘት ያላት ዕድል ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም።

አባቴ ግንባሯ ላይ ቦራ ያላትን ምርጥ ባዝራችንን ሦስት ጊዜ ለአህያ ሰጣት። ሦስት በቅሎ ወለደች። በጥሩ ዋጋ ተሸጡ፤ የቤታችን ቆርቆሮ የተገዛው በእነሱ ነው። አልወቅሰውም፤ ስድስት ልጅ ያሳድግ ነበር። ባዝራዋ የሞተች ዕለት ግን ግቢያችን ውስጥ የእሷ የሚባል አንድም ፈረስ አልነበረም።

ስለዚህ በውሉ ላይ «በቅሎ ክልክል ነው» አትበሉ፤ ማንም አይጠብቀውም። «ባዝራ ሁለት ሴት ውርንጭላ ለዘር ካስቀረች በኋላ ለበቅሎ ትችላለች» በሉ። ይህን ሰው ይቀበለዋል፤ ዘሩም ይተርፋል።

5ኛ ደረጃ፦ ቀለበቱን አዙሩ

አምስቱን ቀበሌዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ በሏቸው። ሴቶቹ በተወለዱበት ይቆያሉ። ወንዶቹ ሁልጊዜ ወደ ቀጣዩ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ የሀ ወንድ ወደ ለ፣ የለ ወደ ሐ፣ እንዲህ እያለ የሠ ወደ ሀ። አንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይቀበላል፤ ሂሳቡ ይጣጣማል።

1. ወንዱ ውርንጭላ አንድ ዓመት ሲሞላው ይዘዋወር። አትዘግዩ። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ሊያስረግዝ ይችላል፤ «ገና ልጅ ነው» ሲባል እናቱን ወይም እህቱን ያስረግዛል።
2. በአዲሱ ቀበሌ 3 ወይም 4 ዓመት እስኪሞላው ይደግ፤ ከዚያ ሥራ ይጀምር።
3. ሦስት ዓመት ብቻ ያገልግል። በአራተኛው ዓመት የመጀመሪያ ሴት ልጆቹ ለአቅመ ባዝራ እየደረሱ ነው።
4. ሲጨርስ ከዚያ ቀበሌ ይውጣ ወይም ይኮላሽና ወደ ኮርቻው ይመለስ። ከማኮላሸታችሁ በፊት ግን ተተኪ ወንድ ልጁ በደብተሩ መኖሩን አረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጡረታ የወጣ ድንጉላ ሳይኮላሽ እዚያው መስክ ላይ ከተለቀቀ የሦስት ዓመት ልፋታችሁን በአንድ ሌሊት ያበላሸዋል።

6ኛ ደረጃ፦ ማስጠቃት (ባዝራን ከድንጉላ ማገናኘት)

ጊዜ ምረጡ። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ግድም ነው። ጥቅምት ላይ ከተጠቃች መስከረም ላይ ትወልዳለች። ሣሩ ሙሉ ነው፣ ዝናቡ እያባራ ነው፣ ወተቷም ይበዛል።

መጀመሪያ ጤና። ድንጉላውና ባዝራዋ በሐኪም ይታዩ፤ በተለይ በአርሲና ባሌ ደጋ ያላችሁ። ዱሪን የሚባለው በሽታ እዚያ አለ፤ የሚተላለፈውም በግንኙነት ነው። ብልት ማበጥ፣ ፈሳሽ፣ ቆዳ ላይ እንደ ሳንቲም የሚወጣ ክብ እብጠት፣ የኋላ እግር መድከም ካያችሁ አታገናኙ። ክትባት የለውም። እግር ወይም አንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚያብጥና የሚፈርጥ ቁስል ያለበትንም አርቁ፤ ኮርቻና ልጓሙን ለሌላ ፈረስ አታውሱ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ባዝራዋን ከድንጉላው በጠንካራ አጥር ማዶ አቁሙ። ከፈለገች ጭራዋን ታነሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ትሸናለች፣ ቆማ ትጠብቃለች። ካልፈለገች ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ትራገጣለች። ስትራገጥ አታስገድዱ፤ በማግስቱ ድገሙ።
2. የምትፈልግበት ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሩ፤ እምቢ እስክትል ድረስ አንድ ቀን እያለፋችሁ አስጠቁ። እንቁላሉ የሚለቀቀው ወደ መጨረሻው ነው። አንዴ አስጠቅቶ መሄድ ለብዙዎች አለመያዝ ምክንያት ነው።
3. ሁለቱንም ሰው ይያዛቸው፤ መሬቱ የማያንሸራትት ይሁን። ልጆች ይራቁ።
4. ቀኑን ጻፉ። የድንጉላውንም ቁጥር።
5. ከ18ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 22ኛው እንደገና ከአጥር ማዶ ሞክሩ። ከፈለገች አልያዘችም፤ ድገሙ።

ካልያዘች። ሁለት ዙር ሞክራችሁ እምቢ ካለ መጀመሪያ ጎኗን እዩ። የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር ከሆነ ችግሩ ቀለብ ነው፤ ሁለት ወር ቀልቧት። ሥጋ ካላት ሐኪም ይያት። ሌሎች ባዝራዎችም በዚያው ድንጉላ ካልያዙ ደግሞ ባዝራዋን ተዉአት፤ የሚመረመረው ድንጉላው ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ያረገዘችውን መጠበቅ

የመውለጃ ቀኗን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የተጠቃችበት ቀን በሚቀጥለው ዓመት ሊደርስ 25 ቀን ሲቀረው ጠብቁ። ጥቅምት 20 ከተጠቃች መስከረም 25 ግድም ነው። ቀድማም ዘግይታም ልትወልድ ስለምትችል ከመስከረም 5 ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ተመልከቷት።

ከ8ኛው ወር በኋላ ጭነትና ጋሪ የለም። ቀስ ያለ ጉዞ ግን ይጠቅማታል። ገለባው ላይ ገብስ ወይም አጃ ጨምሩ፤ አሞሌ ጨው ይቅረብላት፤ ንጹሕ ውሃ አይጉደል። የሻገተ ድርቆሽ አትስጡ፤ ሆዷን ሊያሳምማትም ሊያስጨነግፋትም ይችላል።

የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ክትባት አትርሱ። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ናት፤ የምትበዛውም በክረምት መውጫ ነው። ክትባቱ ከዚያ በፊት ይሰጥ። ላረገዘች ባዝራ መቼ እንደሚሰጥ ግን ሐኪሙ ይወስን። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ተሕዋስ ነው፤ ያለ ምክር አታስወጉ። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ሲያብጥ፣ ትኩሳት ሲኖር፣ አፍንጫ አረፋ ሲወጣው ካያችሁ ለነገ አታሳድሩ።

8ኛ ደረጃ፦ የመውለጃዋ ሌሊት

ግቷ ይሞላል። ከመውለዷ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን በፊት ጡቷ ጫፍ ላይ እንደ ሰም ያለ ጠብታ ይደርቃል፤ በባትሪ ስታበሩበት ቢጫ ሆኖ ያበራል። ያንን ካያችሁ እንቅልፍ የለም። አብዛኛዎቹ የሚወልዱት ሌሊት ነው፤ ሰው ዞር ሲልላቸው። ስለዚህ ራቅ ብላችሁ ዝም በሉ።

1. ጋጣው ይጽዳ፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ይነጠፍ።
2. የሽርት ውሃው ከፈሰሰ ሰዓት ያዙ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ መውለድ አለባት። ካለፈ ሐኪም ይጠራ፤ እስኪመጣ አስነስታችሁ አዘዋውሯት።
3. መጀመሪያ ሁለቱ የፊት ኮቴዎች፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ፣ ከዚያ አፍንጫ ይታያል። የኮቴው ሥር ወደ ታች ነው። ወደ ላይ ከዞረ አኳኋኑ ትክክል አይደለም፤ አትጎትቱ፤ ሐኪም ጥሩ።
4. ነጭ ስስ ከረጢት መታየቱ ትክክል ነው። እንደ ከፋይ ቀይ የሆነ ወፍራም ከረጢት ቀድሞ ከወጣ ግን አደጋ ነው። የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል፤ ውርንጭላው አየር የለውም። ሐኪም አትጠብቁ። እዚያው በጥንቃቄ ቅደዱትና ባማጠች ቁጥር እግሩን ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡ።
5. ከወጣ በኋላ አፍንጫውን አጽዱ። እትብቱን አትቁረጡ፤ እናቱ ስትነሳ ራሱ ይበጠሳል። ጫፉን ሐኪም በሰጣችሁ አዮዲን ንከሩት፤ ለሁለት ሦስት ቀን ድገሙት።

ከዚህ በኋላ ሦስት ሰዓቶችን ያዙ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ውርንጭላው ይቆማል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል። በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ይወጣል።

መጀመሪያ ሲቆም ማየት ልብ ያሸብራል። አራቱም እግር በአራት አቅጣጫ ይሄዳል። ይወድቃል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል። አታንሱት። በመውደቅ ነው የሚጠነክረው። ሰዓቱ ካለፈና ካቃተው ግን ደግፋችሁ ወደ ግቱ አቅርቡት።

*ካልጠባ፦* እንገሩን በንጹሕ ዕቃ አልባችሁ በጡጦ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት፤ አንገቱ ወደ ላይ ተጠማዞ እንዳይታነቅ። እንገር የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ቀን ካለፈ አንጀቱ ያንን በሽታ ተከላካይ መቀበል ያቆማል። እናቱ ከሞተች በዚያው ሳምንት የወለደች ባዝራ ያለው ማን እንደሆነ ደብተሩ ይነግራችኋል። ያኔ መዝገቡ ዋጋውን ከፈለ።

*የእንግዴ ልጁ ካልወጣ፦* በፍጹም አትጎትቱ፤ ድንጋይም አታንጠልጥሉበት። መሬት እንዳይጎተትና እንዳትረግጠው ቋጥራችሁ አንጠልጥሉትና ሐኪም ጥሩ። ላም ቀናት ልትታገሥ ትችላለች፤ ባዝራ አትችልም። ሰኮናዋን ይዟት ሽባ ሊያደርጋት፣ ሊገድላትም ይችላል።

9ኛ ደረጃ፦ ውርንጭላውን ማድረስ

ጡት የሚጥለው በ6 ወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ገብስ መቅመስ ይልመድ። በተወለደ ሳምንት ፎቶ ይነሳና ገጽ ይከፈትለት። ሲያድግ መልኩ ይለወጣል፤ ዳለቻ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ይወለዳል፤ ስለዚህ ፎቶውን በየዓመቱ አድሱ። ሴቷን 3 ዓመት ሳይሞላት አታስጠቁ።

ባዝራዋ ከወለደች በ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን እንደገና ትፈልጋለች። ሥጋ ከሌላት ያንን አሳልፉት። ካስፈለገም ዓመቱን አሳርፏት። በሁለት ዓመት አንድ ጤነኛ ውርንጭላ በየዓመቱ ከሚጨነግፍ ይሻላል።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ድንጉላ በድንገት ከሞተ፦* የዚያን ዓመት ባዝራዎች ለቀሩት ሁለት አከፋፍሉ፤ ሁሉንም ለአንዱ አትስጡ። ከቀደመው ቀበሌ የሚመጣው ወጣት ከተራው በፊት ይጠራ።

*ባለቤት ውሉን ጥሶ ከሸጠ፦* አትጣሉ። ገዢውን ፈልጉ። ድንጉላው ጋሪ እየጎተተም ቢሆን ሁለት ባዝራ ማስጠቃት ይችላል፤ ለገዢው ከፍላችሁ ተስማሙ።

*አባቱ ያልታወቀ ውርንጭላ ከተወለደ፦* አጥር ተጥሷል ማለት ነው። ሴት ከሆነች በ«አይታወቅም» መዝግባችሁ አቆዩአት። ወንድ ከሆነ ለሥራ ይሁን፤ ለዘር አይሁን።

*ሁለት ቀበሌ ከቀለበቱ ከወጣ፦* በሦስቱ ቀጥሉ። ዝውውሩ ግን አይቁም። የድንጉላ ቁጥርም ከ9 በታች አይውረድ።

*ጸሐፊው ከሰለቸ፦* ይህ የማይቀር ነው። ከመጀመሪያው ሁለት ሰው ሹሙ፤ አንዱ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይሁን። ስልክ ላይ ፎቶ ማስቀመጥም ከኛ ይልቅ ይቀናዋል።

በየዓመቱ የክረምቱ ሥራ ሲቀል፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን ቁረጡና ደብተሩን ይዛችሁ እንደገና ግቢ ለግቢ ዙሩ። የሞተውን ሰርዙ፣ የተወለደውን ጨምሩ፣ የ3ኛውን ደረጃ ሒሳብ እንደገና ሥሩ። ቁጥሩ ካምናው ካነሰ የዚያኑ ዕለት፣ ሳትበተኑ፣ ቀጣዩ ድንጉላ ከማን ቤት እንደሚመጣ ወስኑ።